ኮሶዬ ላይ ባለትዳር፣ ታክሱ ላይ ላጤ

ጥምቀት ካለፈ በኋላ በወገራ ደጋ የሠርግ ዳስ የማይጣልበት ሳምንት የለም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲወጡ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ኮሶዬም እንደዚያው ናት። ገብሱ ተወቅቷል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ ከገደሉ አፋፍ የሚነሳው ብርድ ግን እንዳለ ነው። ከሙሽሮቹ መካከል ከአሜሪካ የመጣ አይጠፋም። የሦስት ሳምንት ፈቃድ ይዞ ይመጣል፣ በሬ ይጥላል፣ ቪዲዮ ያስቀርጻል፣ አማቶቹን ያለብሳል፣ ከዚያ ሙሽሪትን እናቷ ቤት ትቶ ወደ ሜሪላንድ ወይም ወደ ዳላስ ይመለሳል። «ፕሮሰሱን ወዲያው እጀምራለሁ» ብሎ።

ያው ጥር አሜሪካ ውስጥ የታክስ ወቅት መግቢያ ነው። አሠሪዎች ደብልዩ ቱ የሚባለውን የዓመት ደመወዝ ማስረጃ እስከ ጃንዋሪ 31 መላክ አለባቸው። ሙሽራው ከሠርጉ ሲመለስ ይህ ወረቀት ይጠብቀዋል። ወረቀቱን ይዞ ሁልጊዜ ታክስ ወደሚሠራለት ሰው ይሄዳል፣ ሠሪውም እንደ ወትሮው ይሠራለታል፣ ተመላሽ ገንዘብ ይገባለታል፣ ነገሩ አለቀ ይባላል። ያ ወረቀት የሚስቱን ቪዛ የሚወስን መሆኑን የሚያውቀው ግን ብዙውን ጊዜ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነው።

ባልና ሚስትን የሚያገናኘው መንገድ ሁለት ደጆች አሉት። የመጀመሪያው ደጅ ጋብቻው እውነተኛ መሆኑን ይጠይቃል። አይ 130 የተባለው ማመልከቻ ይገባል፤ ክፍያው ከኤፕሪል 2024 ወዲህ በኢንተርኔት 625፣ በወረቀት ደግሞ 675 ዶላር ነው። ፎቶው፣ ቪዲዮው፣ የስልክ ጥሪው፣ ሽማግሌው ሁሉ ለዚህ ደጅ የተዘጋጀ ነው፤ የእኛ ሰው በዚህ አይታማም። ሁለተኛው ደጅ የሚከፈተው ማመልከቻው ጸድቆ ፋይሉ ወደ ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል ሲተላለፍ ነው። እዚያ የሚጠየቀው ስለ ፍቅር ሳይሆን ስለ ገቢ ነው፤ ሚስትህን ማኖር ትችላለህ ወይ? መልሱ የሚሞላው አይ 864 በተባለው የዋስትና ቅጽ ላይ ሲሆን ማስረጃው የቅርብ ዓመት የፌዴራል ታክስ ነው። ትራንስክሪፕት ከሆነ እሰየው፤ ካልሆነ የታክሱ ቅጂ ከነደብልዩ ቱው። ሦስት ዓመት ማሳየትም ይፈቀዳል፣ የሚጠቅም ከሆነ።

መስፈሪያው መንግሥት በየዓመቱ የሚያወጣው የድህነት ወለል 125 በመቶ ነው። በ2025 ለሁለት ሰው ቤተሰብ 26,437 ዶላር፣ ለሦስት ሰው 33,312 ዶላር ነበር። በስልክ ለተወራለት ሰው ይህ ምንም አይመስልም። «አሜሪካ ሆኖ 26 ሺህ የማያገኝ አለ?» ይባላል። አለ። በወረቀት ላይ አለ።

አንድ የራይድ ሾፌር እናስብ፤ ስም አያስፈልገውም፣ ዋሽንግተን ዙሪያ በየነዳጅ ማደያው የሚገኝ ሰው ነው። በ2024 ተሳፋሪዎች 62,000 ዶላር ከፈሉ እንበል። ድርጅቱ 16,000ውን በኮሚሽን ወሰደ፣ 46,000 ቀረ። በዓመቱ ለሥራ 40,000 ማይል ነድቷል። አይአርኤስ በዚያ ዓመት ለአንድ ማይል 67 ሳንቲም እንዲቀነስ ይፈቅዳል፤ ይህ ብቻውን 26,800 ዶላር ነው። ስልክና የመንገድ ክፍያ 1,500 ይጨመር። የቀረው 17,700 ነው። ይህ ሰው አንዲት ሳንቲም አልሰረቀም፣ ሁሉም በሕግ ነው። በእጁ የገባው ገንዘብ ከዚህ የሚበልጥ ነው፤ ምክንያቱም በማይል የሚቀነሰው ሒሳብ ከነዳጁ ሌላ የመኪናውን እርጅናም ያጠቃልላል። ነገር ግን ለግል ሠራተኛ በዋስትናው ቅጽ የሚታየው ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የቀረው ነው። በታክሱ ቅጽ ላይ የጠቅላላ ገቢው መስመር 17,700 ካለ፣ በኮሶዬ በሬ የጣለው ሰው በቪዛ ማዕከሉ ዓይን ሚስት ለማኖር አቅም የሌለው ድሀ ነው።

ይህ ሕጋዊው ነው። ሕጋዊ ያልሆነውም አለ፣ መደበቅ አይገባም። ቲፑን የማያስመዘግብ፣ በካሽ የሠራውን የማይጠቅስ፣ ያልነዳውን ማይል የሚጨምር ሞልቷል። በየከተማው «ብዙ የሚያስመልስ» እየተባለ የሚመከር ታክስ ሠሪ አለ፤ የሰውየው ችሎታ የሚለካው ገቢን በማሳነስ ነው። ደንበኛውም እየመረቀው ይወጣል። በዚያ ጠረጴዛ ላይ «ለማግባት ታስባለህ? ሰው የማምጣት ሐሳብ አለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የተመለሰችው 1,800 ዶላር የሁለት ዓመት ናፍቆት ዋጋ ስትሆን ማንም አይቆጥራትም።

የቤተሰቡ ቁጥርም እንዲሁ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እናቱን በዚሁ ቅጽ አምጥቶ ከሆነ፣ ዋስትናው እስካላለቀ ድረስ እናቱ ይቆጠራሉ፤ መስፈሪያው ወደ 33,312 ከፍ ይላል። ተመላሽ ለማብዛት የወንድሙን ልጅ «ጥገኛዬ ነው» ብሎ ካስገባ እሱም ይቆጠራል። በአንድ ወረቀት ጥገኛ አብዝቶ በሌላው ወረቀት ጥገኛ የለኝም ማለት አይቻልም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የገቢው ቁጥር አይደለም፣ ከስሙ ሥር ያለችው ትንሽ ሣጥን ናት። ላጤ ወይስ ባለትዳር?

በአሜሪካ ታክስ የጋብቻ ሁኔታ የሚወሰነው በዲሴምበር 31 ነው። በጥር 2017 ኮሶዬ ላይ ያገባ ሰው፣ ማለትም በጃንዋሪ 2025፣ የ2024ን ታክስ እንደ ላጤ ቢሠራ ትክክል ነው፤ በዚያ ዓመት መጨረሻ ላጤ ነበርና። የ2025ን ታክስም «ላጤ» ብሎ ካስገባ ግን ስሕተት ሠርቷል። ሚስቱ ውጭ አገር መሆኗ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌላት መሆኗ፣ አሜሪካን በዓይኗ አለማየቷ ጋብቻውን አያፈርሰውም። ሆኖም «ሚስቴ እዚህ ስለሌለች ላጤ ነኝ» የሚለው አባባል በዳያስፖራው ዘንድ እንደ ሕግ የጸና ነው። አንዳንዱ ባለማወቅ፣ አንዳንዱ ደግሞ ባለትዳር ነኝ ካለ ለአነስተኛ ገቢ የሚሰጠው የታክስ ድጋፍ ስለሚቀርበት ነው።

እንግዲህ ነገሩን በመሥሪያ ቤቱ ወንበር ተቀምጦ የሚያየው ሰው ምን ይላል? በአንድ እጁ «ባለትዳር ነኝ፣ ሚስቴን አምጡልኝ» የሚል ማመልከቻ፣ በሌላ እጁ ያው ሰው በፊርማው «ላጤ ነኝ» ያለበት ሰነድ። ሁለቱም ከሐሰት በመጠንቀቅ የተፈረሙ ናቸው። ከሁለት አንዱ ልክ አይደለም። ቪዛው በዚህ ብቻ ይከለከላል ማለት አይደለም፤ ጥያቄ ግን ይነሳል፣ ጥያቄው ደግሞ የሚነሳው ሰውየው ፊት አይደለም። አዲስ አበባ ኤምባሲ መስኮት ላይ የምትቆመው እሷ ናት። ከጎንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በነሐሴ 2023 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት ሌላ ቀን ሲዘጋ የኖረ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት የጠፋበት አገር ነው። ያን ሁሉ አልፋ ደርሳ ባሏ ለታክስ መሥሪያ ቤት ላጤ ነኝ ማለቱን ከማታውቀው ሰው ትሰማለች።

የሚያስቆጨው ደግሞ እውነቱ ብዙ ጊዜ ከውሸቱ ይረክሳል። ያገባ ሰው ውጭ ካለች ሚስቱ ጋር ሁለት ምርጫ አለው። ለየብቻ ባለትዳር ብሎ ማስገባት ይችላል፤ ቁጥር ስለሌላት በቦታው የውጭ ነዋሪ መሆኗ ይጻፋል። ወይም ሁለቱ ተስማምተው ሚስቲቱ ለታክስ ጉዳይ እንደ አሜሪካ ነዋሪ እንድትቆጠር መርጠው በጋራ ያስገባሉ። ለዚህ አይቲን የተባለው የታክስ መለያ ቁጥር ያስፈልጋታል፤ ደብልዩ ሰባት የሚባለው ቅጽ ከታክሱ ጋር ተያይዞ ይላካል፣ ፓስፖርቷ ወይም ፓስፖርቱን ባወጣው መሥሪያ ቤት የተረጋገጠ ቅጂ ይጠየቃል። አስቸጋሪ ነው። ነገር ግን በ2024 ለላጤ ከታክስ ነፃ የሚሆነው መደበኛ ቅናሽ 14,600 ዶላር ሲሆን በጋራ ለሚያስገቡ 29,200 ነው። ደመወዝተኛ የሆነ ባል ሚስቱን በወረቀቱ ላይ ቢያስገባት ኖሮ ያነሰ ታክስ በከፈለ ነበር። ሚስቱን ደብቆ ብዙ የከፈለ ሰው ስንት ነው?

እዚህ ላይ የኮሶዬው አማት ከአማቻቸው የተሻለ የታክስ ሰው ናቸው ቢባል ቀልድ አይደለም። የደጋው ገበሬ የመሬት ግብር የከፈለበትን ደረሰኝ እንደ ዘበት አይጥልም። በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ከክርስትና ወረቀት ጋር፣ በሣጥን ያኖረዋል። ለምን ቢሉት የሚመልሰው አያጣም፤ ነገ ወሰን የሚገፋ ቢመጣ ዳኛ ፊት የሚቆመው ያ ደረሰኝ ነው። በአማራ አገር ግብርና ርስት ተለያይተው አያውቁም። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር አዋጁ ላይ የተነሳው ክፍያው ከብዶት ብቻ አልነበረም፤ መሬት ተቆጥሮ በስም ሲጻፍ ርስቴ ይነካል ብሎም ነው። የግብር ወረቀት ማን የት እንደሆነ የሚናገር ሰነድ መሆኑን ያ ትውልድ ያውቅ ነበር።

ሌላም አለ። በአማራ ክልል ባለፉት ሃያ ዓመታት ለገበሬው የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልና የሚስት ስም፣ ፎቷቸውም ጭምር አለበት። ያልተማረች የሚሏት የኮሶዬ እናት ስሟ ከባሏ ስም ጎን በመንግሥት መዝገብ ሰፍሯል። አሜሪካ ያለ ባል ያላት ልጇ ግን በባሏ ወረቀት ላይ የለችም።

ገቢው ካልደረሰ ምን ይደረጋል? እዚህ ላይ ዋስ ይመጣል። ሕጉ ሌላ ሰው፣ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው፣ አሜሪካ የሚኖር፣ በራሱ ገቢ መስፈሪያውን የሚያሟላ፣ ተጨማሪ ዋስ እንዲሆን ይፈቅዳል። ዘመድ መሆን የለበትም። ዋስ መሆን ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ዋስ ጠርቶ ዋስ ሆኖ የኖረ ሕዝብ ነው። ይህ ዋስትና ግን በሰፈር የሚታወቀው ዓይነት አይደለም። ከዲሴምበር 19፣ 1997 በፊት ተመሳሳይ ወረቀቶች ነበሩ፣ ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ግን እንደ ባዶ የተስፋ ቃል ይታዩ ነበር። በ1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት ሕግ ያንን ቀይሮ ዋስትናውን የሚያስከስስ ውል አደረገው። ዋሱ የሚለቀቀው የመጣችው ሴት ዜግነት ስታገኝ፣ ወይም በጠቅላላው የ40 ሩብ ዓመት ሥራ ሲቆጠርላት፣ ይኸውም ወደ አሥር ዓመት ግድም፣ ወይም አገሪቱን ለቅቃ ስትሄድ፣ ወይም ሞት ሲመጣ ነው። ፍቺ አያስለቅቀውም። ባልየው ቢፈታት እንኳ ዋሱ ዋስ ነው።

ስለዚህ «አንድ ፊርማ ብቻ ናት፣ ፈርምልኝ» ብሎ ጓደኛን መጠየቅ ቅንነት የጎደለው ነገር ነው። ጓደኛው የሚሰጠው ፊርማ ብቻ ሳይሆን ታክሱንም ነው፤ ስንት እንደሚያገኝ፣ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ልጆቹን ማን እንደሚቆጥራቸው ሁሉ በዚያ ወረቀት ይነበባል። ዕቁብ አብሮ የሚጥል ሰው ደመወዙን የማይናገርበት ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ቀላል አይደለም። ብዙ ወዳጅነት የቀዘቀዘው «እምቢ» በመባል ሳይሆን፣ ያ ወረቀት በአንድ ሳምንት ውስጥ በእድር ሲወራ ነው። ለገንዘብ ዋስ እንሆናለን የሚሉ የማይታወቁ ሰዎች ዘንድ መሄድ ደግሞ የባሰ ነው፤ የተገዛ ዋስ በቃለ መጠይቁ ቀን «እንዴት ትተዋወቃላችሁ?» ሲባል የሚወድቀው ሚስቲቱ ላይ ነው።

ጎንደር ቤት አለኝ የሚልም አለ። ንብረት ገቢን ይተካል፤ የዜጋ ሚስት ከሆነች የጎደለው ገቢ ሦስት እጥፍ ዋጋ ያለው ንብረት ይበቃል። ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ገንዘብ ተለውጦ ሊመጣ የሚችል መሆን አለበት። አዘዞ ያለ ቤት ተሸጦ ብሩ ዶላር ሆኖ በሕጋዊ መንገድ ሊወጣ ይችላል ብሎ የሚያስረዳ ካለ ይሞክረው።

ሕጉስ ልክ ነው ወይ? አይደለም፣ ይህም መነገር አለበት። ይህ መስፈሪያ የሚያግደው ሀብታሙን አይደለም። ሌሊት መኪና የሚያቆመውን፣ ሆስፒታል የሚያጸዳውን፣ አሮጊት የምትጦረውን ነው። የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ድሀ የአሜሪካ ዜጋ የሆነች ድሀ ሲያገባ ገቢውን የሚጠይቀው የለም። ከኮሶዬ ሲያገባ ግን ትዳሩ በታክስ ይመዘናል። እንግሊዝ በዚህ ብሳለች፤ በ2012 ዓመታዊ ገቢው 18,600 ፓውንድ ያልደረሰ ሚስቱን እንዳያመጣ ደነገገች፣ በኤፕሪል 2024 ደግሞ ወደ 29,000 አሳደገችው። ካናዳ በአንጻሩ የትዳር ጓደኛን ለማምጣት በአብዛኛው የገቢ ወለል አታስቀምጥም፤ የታክስ ማስረጃውን ትጠይቃለች፣ በቁጥሩ ግን በር አትዘጋም። ስለዚህ አሜሪካ የምታደርገው ሌላ አማራጭ የሌለው ነገር አይደለም። ቤት በቤት ግን ሕጉን መራገም ቅጹን አያስሞላም፤ ላጤ ያለውንም ባለትዳር አያደርገውም።

ለዚህ ወረቀት የማይገደዱም አሉ፣ ብዙዎች ግን አያውቁትም። ዲቪ የደረሰው ሰው አይ 864 አይጠየቅም። ጥገኝነት ወይም የስደተኛነት ፈቃድ ያገኘ ሰውም፣ ፈቃዱን ከማግኘቱ በፊት አግብቶ ከነበረ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አይ 730 በተባለ ቅጽ ሚስቱን ሊጠራ ይችላል፤ ክፍያ የለውም፣ የገቢ ዋስትናም የለውም። በደርግ ዘመን በመተማ አድርገው ሱዳን፣ ከሱዳንም አሜሪካ የገቡት ጎንደሬዎች ቤተሰባቸውን ያመጡት ታክስ ተመዝኖ አልነበረም። ዛሬ ጥገኝነት ያገኘ ልጅ ሁለቱን ዓመት አሳልፎ፣ ዜግነት ጠብቆ፣ ከዚያ በገቢ ጉድለት ሲጉላላ ማየት ያሳዝናል።

ያገባና ታክሱ የተበላሸበት ሰውም ያለቀለት አይደለም። ስሕተት ያለበት ታክስ በ1040 ኤክስ ይታረማል፤ ያልተከፈለ ካለ ከወለዱ ጋር ይከፈላል፣ ያማል ግን ያልቃል። ጭራሽ ያላስገባም ማስገባት ነበረበት ከሆነ አስገብቶ ማስረጃውን ማያያዝ አለበት። ከሁሉ በላይ የሚታየው የአሁኑ ገቢ ስለሆነ፣ ታክሱ ዝቅ ያለበት ሾፌር ደብልዩ ቱ የሚሰጥ ሥራ ይዞ የአሠሪውን ደብዳቤና የቅርብ ወራት የደመወዝ ወረቀት ቢያቀርብ ነገሩ ይለወጣል። ሆቴልም ይሁን መጋዘን፣ ከቃለ መጠይቁ በፊት ያሉት ጥቂት ወራት ከመኪናው የሚገኘውን ትርፍ ያህል ዋጋ አላቸው።

ስለ ሙሽሪት ግን ገና አልተነገረም። ባሏ የሚፈርመው ዋስትና ለመንግሥት ብቻ የተገባ አይደለም፤ ለእሷም የተገባ ነው። መጥታ፣ ትዳሩ ሳይሰምር ቢቀር፣ ሜዳ ላይ ብትጣል፣ ፈራሚው ከድህነት ወለሉ 125 በመቶ በታች እንዳትወድቅ እንዲያኖራት በፍርድ ቤት ልትጠይቅ ትችላለች። አውሮፕላን ላይ ስትወጣ ይህንን የነገራት ሰው ካለ እድለኛ ናት። ብዙዎቹ «እኔ ነኝ ያመጣሁሽ» በሚል ቃል ዓመታት ተገዝተው የሚኖሩት ያመጣቸው ሰው ምን ብሎ እንደፈረመ ስላላነበቡ ነው።

ኮሶዬ ላይ ሽማግሌ ሲላክ የሚጠየቀው ብዙ ነው። ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፣ ጠባይ ይጠየቃል፣ የቀድሞ ሚስት አለች ወይ ይባላል። ሙሽራው ከአሜሪካ ከመጣ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ነውር ሊሆን አይገባም። «ልጄ፣ ያለፈው ዓመት ግብርህን አሳየን» ቢሉት፣ ትራንስክሪፕቱ ከአይአርኤስ ድረ ገጽ በነፃ፣ በስልክ፣ ቡናው ሳይፈላ ይወርዳል። ኔትወርክ ካለ።